ጀልባው ዳር ሲደርስ

የደነባ ልጅ ውኃን የሚያውቀው በክረምት ዝናብ፣ በምንጭና በወንዝ ነው። የአዲስ አበባ ልጅም ቢሆን ከቧንቧና ከመዋኛ ገንዳ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ቤተሰብዎን ይዘው ጣና ላይ በጀልባ ሲሳፈሩ ስጋትዎ ሁሉ ስለ ሐይቁ መሃል ይሆናል። ይሁን እንጂ ጀልባው ወደ መድረሻው ሲጠጋም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በሰሜኑ ዳርቻ ያለችውን ትንሿን ጎርጎራን እናስብ። ከተማዋ ስትታይ ልጆች ይነሳሉ፤ አባት ፎቶ ያነሳል፤ እናት ዕቃ ትሰበስባለች፤ ሁሉም በአንድ በኩል ይቆማል። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ጀልባ በትንሽ ማዕበል ይንገዳገዳል። መቆሚያውን ገጨት ሲያደርግ የቆመ ሰው ይወድቃል፤ በመካከል የገባች የልጅ እጅም ልትጨፈለቅ ትችላለች።

ካፒቴኑን ያስተውሉ። ጥሩ ካፒቴን ፍጥነቱን ከሩቅ ይቀንሳል፤ ከተቻለው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይጠጋል፤ ነፋሱ እንደ ፍሬን ያግዘዋልና። መቆሚያ በሌለበት ደግሞ መልህቅ ይጣላል። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በአግድም ሲሳብ ጭቃውን ነክሶ ነው። ስለዚህ ውኃው 3 ሜትር ከጠለቀ ገመዱ 15 ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል። መያዙን ለማወቅ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ቤት በአንድ መስመር ይያዙ። እየተራራቁ ከሄዱ ጀልባው ሳይንሸራተት አይቀርም። ይህን ሥራ ለልጆችዎ ይስጧቸው፤ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ጣና በጣም ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ግን ነፋስ ሲነሳ ፈጥኖ ይናወጣል፤ ነፋሱም ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ጠዋት ይነሱ። ከክረምት በኋላ የሞላው ውኃ እስከ ግንቦት ስለሚጎድል የመውረጃው ሁኔታም እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

ለልጅዎ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም ያረጋግጡ፤ የአዋቂው ከልጅ ላይ ሾልኮ ይወጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ማሰሪያው ገና ሳይሳፈሩ ይጥበቅ፤ እግር መሬት እስኪረግጥም አይፈታ። ገመዱ ታስሮ ካፒቴኑ «ውረዱ» እስኪል ማንም አይነሳ። ከዚያ አንድ አዋቂ ቀድሞ ይውረድ፤ ሌላው ልጆቹን አንድ በአንድ ያቀብለው።

ከሰሜን ሸዋ ከመጡ ጎርጎራ ላይም የሚያውቁትን ስም ያገኛሉ፤ ጥንታዊቷ ደብረ ሲና ማርያም በግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀች ናት። ጫማዎን አውልቀው ይግቡ፤ ልጆችዎም ሥዕሎቹን ተረጋግተው ይዩ።