ሾክ የምቾት ዕቃ ነው ያለው ማነው?

ስለ ጦርነትና ስለ ኑሮ ውድነት በሚጻፍበት ቻናል ላይ ስለ መኪና የኋላ ሾክ መጻፍ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይታገሠኝ። ዛሬ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወርድ ወይም ከዳንግላ ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስ ሰው ሕይወቱ የተንጠለጠለው በባለሥልጣናት መግለጫ ላይ ብቻ አይደለም። በተሳፈረበት አሮጌ መኪና የኋላ እግር ላይ በታሰሩ ሁለት የብረት ቱቦዎች ላይም ነው።

"ሾክ ምቾት ነው፤ ቢያረጅ ያንገጫግጫል እንጂ ሰው አይገድልም" የሚለውን ወሬ ከሾፌርም ከባለመኪናም ትሰማላችሁ። አንዳንዴ ከመካኒክም። ስህተት ነው፣ ያውም ሰው የሚጨርስ ስህተት። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። የሾኩ ሥራ የሞላውን መንጠር ማብረድ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የመንጠሩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሾኩ ሲሞት ሞላው ከልካይ ያጣል፤ በተሰባበረ አስፋልት ላይ ጎማው ብድግ ቁጭ ይላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ አያቆምም። የፍሬን ሸራህ ትናንት የተቀየረ ቢሆን እንኳ ለዚያች ቅጽበት ፍሬን የለህም። ጣሪያው ላይ ድንች ወይም ከሰል የተጫነበት፣ ውስጡ ከልኩ በላይ ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ኩርባ ላይ ኋላው ሲወዛወዝ አስቡት። በዚያ ላይ የአዊን ክረምት ጨምሩበት።

በዚህ አገር ፈረስ ያለው ሰው ጥር 23 ለጉግስ ከመውጣቱ በፊት ኮቴውን ያያል፣ እርካቡን ይስባል፣ ልጓሙን ይፈትሻል። ያው ሰው ቤተሰቡን ጭኖ አዲስ አበባ ሊወርድ፣ የዓባይን በረሃ ሊያቋርጥ ሲነሳ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ አያይም።

ጉዳዩ የግለሰብ ግዴለሽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፈውም ነበር። መኪኖቻችን ለምን አረጁ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮ ተሰቀለ። ክልከላው ለአየር ንብረት ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው መኪና ከእኛ ጋር እንዲያረጅ ተፈርዶበታል። አሮጌውን በአዲስ የመተካት በሩን የዘጋ አካል አሮጌው በደኅና እንዲኖር የሚያደርገውን መንገድ የመክፈት ግዴታ አለበት። ይህን ግን ሲነሳ አልሰማም።

የምናውቀው ዓመታዊ ምርመራን ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ለብዙ ባለመኪና ምርመራ ማለት ቦሎ ማለት ሆኗል፦ መብራት አብራ፣ ጥሩምባ ንፋ፣ ፍሬን ያዝ፣ ክፈል፣ ለጥፍ። የኋላ ሾክ ዘይት ያንጠባጥብ አያንጠባጥብ ለማየት የውድ ማሽን ያለህ አያሰኝም። አንድ የእጅ ባትሪና ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የመኪናውን ኋላ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ፤ አንድ ጊዜ ተመልሶ ከቆመ ደኅና ምልክት ነው፣ ሦስት አራት ጊዜ ከተወዛወዘ ሾኩ አልቋል። ይህ ፈተና ግማሽ ለሞተ ሾክ አይበቃም፤ ስለዚህ ጎማውን መዳሰስ ነው። ጥርሱ በየቦታው ጎርበጥ ጎደጎድ እያለ የተበላ ከሆነ ጎማው ሲዘል ከርሟል ማለት ነው።

እሺ፣ አልቋል እንበል። ባሕር ዳር ያለው ጋራዥ ይሻላል የሚባለው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት እንጅባራ ያለ ሰው ምን ያድርግ? የኔ መልስ፦ ዕቃው ካለ በግቢው ይቀይረው። አብዛኛው ሰው የፈራውን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ግን የትኛው መኪና ላይ የሚለውን ሳይለዩ መጀመር ከሞተ ሾክ የባሰ ነው።

ሃይሉክስና ሃይስ ኋላቸው ባሌስትራ ነው፤ ሾኩ ለብቻው በላይና በታች የታሰረ ነው። ላዳም ሾኩና ሞላው የተለያዩ ናቸው። ቪትዝም እንዲሁ። እነዚህን ጠንቃቃ ሰው ይቀይራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት አብዛኞቹ ኮሮላዎች ግን የኋላ ሾካቸው በሞላው መሐል ያለፈ ነው፤ የላይኛውን ዳዶ ከመፍታት በፊት ሞላው በመጭመቂያ መታሰር አለበት። ያለ መጭመቂያ የፈታው ሰው የታመቀ ሞላ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። በሽቦና በገመድ አስሬ እፈታለሁ የሚል ጎረቤት ካለህ አስቁመው። ያ መኪና ጋራዥ ይሂድ።

ለሌሎቹ ሥራው እንዲህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ማርከፍከፍ፤ የዛገ ብሎን በጉልበት አይፈታም፣ ይቆረጣል እንጂ። በማግስቱ መኪናውን ሜዳ ላይ ማቆም፣ ማርሽ ማስገባት፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ማጥበቅ። በክሪክ ካነሱ በኋላ ሻንሲውን በጠንካራ የብረት መቆሚያ መደገፍ። ድንጋይ መደርደር የለም፣ ብሎኬትም የለም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ራስን መግደል ነው። ሁለተኛ ክሪክ ከተገኘ አክሱሉን ከሥር ደገፍ ማድረግ፤ በሞላ በሚሠራ መኪና ላይ አክሱሉ ወደ ታች እንዳይወድቅ የሚይዘው ሾኩ ስለሆነ፣ ሲፈታ ሞላው ሊወጣ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦውም ሊበጠስ ይችላል።

የላይኛው ዳዶ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ ከዞረ ጫፉን በቁልፍ ያዙት። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ የያዘ ሰው አዲስ ሾክ ገና ሳይሠራ ገደለው፤ የተጫረ ዘንግ ጎሚኒውን ይበላዋል፣ ዘይቱም ይወጣል። እሳት አታስጠጉ፤ በጋዝ የተሞላ ሾክ አለ። አዲሱን ከመግጠም በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ጊዜ መግፋትና መሳብ ውስጡ የተኛውን አየር ያስወጣል። ሁለቱንም በአንድ ቀን መቀየር ግድ ነው፤ የግራው አዲስ የቀኙ ሙት የሆነ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ብዙ መካኒክ የሚዘለው አንድ ነገር አለ። የጎማ ቡሽ ያለባቸውን ብሎኖች መኪናው አየር ላይ እንዳለ እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው የመጨረሻው ማጥበቅ፤ አለዚያ ቡሹ እንደተጠማዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ "ዕቃው ፎርጅድ ነበር" ይባላል። ፎርጅድ ዕቃ የለም አልልም፤ ከሶማሌ ተራ ተጭኖ የመጣ ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም። "ታድሷል" ተብሎ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሾክ ሲቀርብላችሁ ዘንጉን በእጃችሁ ግፉት። ያለ ተቃውሞ ከገባ ብር አታባክኑ።

ባለ ጋራዥ ወንድሞች "እንጀራችንን ልትዘጋ ነው" ይሉኝ ይሆናል። አይዘጋም። ሞላ የተቀላቀለበት ሾክ፣ የተቆረጠ ብሎን፣ የዛገ ማሰሪያ፣ ሁሉም ወደ እናንተ ይመጣል። ሾክ መሞቱን የሚያውቅ ባለመኪና ነው ጋራዥ የሚሄደው፤ የማያውቀው ቻግኒ መንገድ ላይ እስኪገለበጥ ይነዳል።

እንጅባራም ዳንግላም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ተቋማት አሉ። ግቢያቸው አለ፣ መሣሪያው አለ፣ ሰልጣኙ አለ። በወር አንድ ቅዳሜ በሩን ለባለመኪናና ለሾፌር ቢከፍቱ፣ የሞላ መጭመቂያውን ቢያውሱ፣ ሰልጣኞቹም በእውነተኛ መኪና ላይ ቢሠሩ ምን ይጎድልባቸዋል? ለዚህ ከአዲስ አበባ መመሪያ መጠበቅ አያሻም። እናንተ ደግሞ የዘንድሮ ቦሎ ልታወጡ ስትሄዱ መርማሪውን "ከሥር አይተኸዋል?" ብላችሁ ጠይቁት።