ለለሑሕ ቀን ሳይሆን ሰዓት

በየመኗ ኤደን ገበያዎች፣ በሼክ ዑስማን ሰፈርም ሆነ በክሬተር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚሸጠው ለሑሕ የእኛ እንጀራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሊጡ ይቦካል፣ ሳይገለበጥ ይጋገራል፣ ዐይን ያወጣል። ምን ጊዜ እንደተጋገረ የሚናገር ምልክት ግን የለውም። የመን ከምትበላው ስንዴ አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ አገር ስለሆነች፣ ቁጥጥር ሲባል ቶሎ የሚታሰበው በወደብ የሚገባው የታሸገ ምግብና የማብቂያ ቀኑ ነው። ያንኑ ደንብ ወደ ለሑሕ ሻጯ ማውረድ ስህተት ነው እላለሁ። ለእሷ ምግብ የሚበጀው መለያ የተጋገረበት ሰዓት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። የኤደን በጋ ሙሉ በሙሉ በዚያ ክልል ውስጥ ነው፤ መብራትም በቀን ለብዙ ሰዓት ይጠፋል። እንዲህ ባለ ከተማ «ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ» የሚል ጽሑፍ ከወረቀቱ አያልፍም። ደግሞም ምግብ ሁሉ አንድ አይደለም። በደንብ የቦካ ለሑሕ ኮምጣጣነቱ ብዙ ጀርሞችን ይገታል፤ ቶሎ የሚያጠቃው ሻጋታ ነው። በተገዛ እርሾ በጥድፊያ የተነሳው ግን ያ ኮምጣጣነት የለውም (ዐይኑ አምሮ ሊታይ ይችላል፣ ዐይን ግን ምስክር አይሆንም)። ለሑሕ ላይ እርጎ ፈስሶበት የሚሠራው ሸፉት የተባለው ምግብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእሱ ላይ የሁለቱ ሰዓት ምክር ሳይላላ ይሥራ።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በተሠራ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚበላ ዳቦና ኬክን ከማብቂያ ቀን ግዴታ ነፃ ያደርጋል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2001 የኮሪያውያንን የሩዝ ኬክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልገባ ብላ ከማገድ ይልቅ፣ የተሠራበት ቀን ተጽፎበት በአንድ ቀን ውስጥ እንዲበላ ፈቀደች። ሕጉ ባህሉን ሳያፈርስ የጊዜ ወሰን አበጀለት።

ሻጯ ማንበብና መጻፍ ባትችልስ? መለያ የግድ ፊደል መሆን የለበትም፤ የጠዋቱን በአንድ ቀለም ክር፣ የከሰዓቱን በሌላ ማሰር ይበቃል። ክሩን ብትለውጠውስ? ትችላለች፤ የታተመ ቀንም ይፋቃል። ልዩነቱ፣ ክሩን በየዕለቱ የሚያየው ደንበኛዋ መሆኑ ነው፤ በጦርነት የደከመ መንግሥት በየመንገዱ ተቆጣጣሪ ማቆም በማይችልበት ከተማ የደንበኛ ዐይን ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ በተራበ ከተማ ያደረ ምግብ ጣሉ ማለት ነውር ነው። እውነት ነው፤ የካሊፎርኒያ ሕግ የተረፈው እንዲወገድ ያዝዛል፣ ኤደን ግን ያንን መቅዳት የለባትም። የእኛ እናቶች የተረፈን እንጀራ ሳይሻግት ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ያደርጉታል፤ ውሃው ከወጣ ሻጋታ መብቀያ ያጣል። ለሑሕም ሳይሻግት ከደረቀ በሦስተኛ ቀለም ክር፣ በረከሰ ዋጋ፣ ደረቅ ነው ተብሎ በግልጽ ሊሸጥ ይችላል። መከልከል ያለበት የትናንቱን ከዛሬው ሥር ደብቆ መደርደር ነው።