ጎል ያላገባው ልጅ ምን ሠራ?

የአርባ ምንጭ ከተማ ጨዋታ እንዳለቀ ብዙዎቻችን ስልካችንን እናወጣለን። ውጤት፣ ጎል አግቢ፣ ደቂቃ፣ ቢጫ ካርድ። ከዚያ ፍርዱ ይጀመራል፦ «ያ የመስመር ልጅ ዘንድሮ ስንት አገባ? ሁለት? በቃ፣ አይረባም!»

ቆይ እስቲ። ልጁ በመስመር በኩል ኳስ እየገፋ ሲሮጥ ሁለት ተከላካዮች ይከተሉታል። መሀሉ ባዶ ይሆናል። ኳሱን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ሌላው ያሻግራል፣ ሦስተኛው ያገባል። ስልካችን ላይ የሚወጣው የአግቢው ስም ነው፤ ቢበዛ ያሻገረው ይጨመራል። ቦታውን የከፈተው ልጅ ግን የትም የለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። ሊጉ እንደ ፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ ኳርተርባኮችን የሚያወዳድርበት ቀመር ውርወራን ብቻ ይቆጥራል። ላማር ጃክሰን በ2019 የውድድር ዓመት በእግሩ 1,206 ያርድ ሮጠ፤ እስከዚያ ማንም ኳርተርባክ በአንድ የውድድር ዓመት ይህን ያህል አልሮጠም። ሩጫው ለብቻው ተመዘገበ እንጂ ቀመሩ ውስጥ አንዲትም ያርድ አልገባችም። የዓመቱ ኮከብ ሲመረጥ ግን 50ዎቹም መራጮች ድምፃቸውን ለእሱ ሰጡ። ሲጫወት አይተውታላ!

ቁጥር ይቅር እያልኩ አይደለም። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና ያገባቸውን 29 ጎሎች ማን ይክዳል? የአጥቂ ሥራ ማግባት ነው፤ ሚዛኑም ልኩ ነው። በዚያው ሚዛን የመስመር ተጫዋችን መመዘን ግን የዶርዜን ጋቢ በኪሎ እንደመግዛት ነው።

የሚያሳስበኝ የታዳጊዎቹ ነገር ነው። የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች ቢያንስ በቪዲዮ የመታየት ዕድል አለው። ጨንቻ ወይም ካምባ ሜዳ ላይ የሚጫወት ልጅ ግን ስሙ ከሜዳው የሚወጣው በጎል ብዛት ብቻ ነው። ተጫዋች መራጩም «ስንት አገባ?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ፣ ልጁ አንድ ነገር ይማራል፦ ኳስ አታቀብል፣ ራስህ ምታ። ጎበዝ አቀባይ የምናጣው እንዲህ ነው።

ስለዚህ መራጮች ሜዳ ድረስ ሄዳችሁ እዩ። እኛም አዞዎቹ በሚቀጥለው ሲጫወቱ ስልካችንን ለአሥር ደቂቃ ኪስ እንክተትና አንድ ልጅ ብቻ እንከተል፤ ኳስ ሳይዝ ጭምር። ከጨዋታው በኋላ የምትጽፉት ስለ እሱ ይሁን። ጎል ባያገባም ስሙን ጥሩለት።