የመጫወቻ ሽጉጥና የሕጉ ወሰን

ከበዓለ ጥምቀት አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት፥ እንዲሁም በዒድ ሰሞን፥ በመካነ ሰላም ገበያ ከልጆች እጅ የሚወጣው ሳንቲም አብዛኛው የሚውለው ለፊኛ፥ ለከረሜላና ለመጫወቻ ሽጉጥ ነው። ይህ ጸሓፊ የአሠሪውን የዕቃ መዝገብ የሚይዝ በመሆኑ ነገሩን ከወሬ ሳይሆን ከሒሳብ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት ግን ከመርካቶ ተጭኖ በደሴና በአቀስታ በኩል ይመጣ ከነበረው ዕቃ መካከል አንድ ካርቶን የመጫወቻ ሽጉጥ በአንድ ኬላ ተይዞ ቀረ። ሹፌሩ ምክንያቱን ቢጠይቅ «የመሣሪያ ምስል ነው» ከሚል ቃል በቀር ያገኘው መልስ የለም። የመያዣ ደረሰኝ እንኳ አልተጻፈለትም። ስለዚህም ያ ካርቶን በመዝገቡ ላይ እንደ ኪሣራ ይጻፍ ወይስ እንደ ተቀማጭ፥ እስከ ዛሬ አልተቆረጠም።

ይህን ማንሣታችን ኬላ ጠባቂውን ለመውቀስ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ያለፈበትን መከራ የሚያውቅ ሁሉ፥ ሲመሽ ከሩቅ የታየ ጥቁር ሽጉጥ የፕላስቲክ ይሁን የብረት ለመለየት ጊዜ እንደማይገኝ ይረዳል። እንዲህ ያለው ስሕተት ጦርነት በሌለበት አገር እንኳ ደርሷል። በአሜሪካ፥ በክሊቭላንድ ከተማ፥ በኅዳር 2007 ዓ.ም. አንድ የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ ተኩሶበት በማግሥቱ ሞተ። በዚያ አገር የመጫወቻ ሽጉጥ አፈሙዝ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖረው ሕግ ያዝዛል፤ በልጁ እጅ የነበረው ግን ያ ምልክት አልነበረበትም።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ለራሳችን የምንለው አለን። ጥቁሩንና እውነተኛውን የሚመስለውን የምናስመጣው ቶሎ ስለሚሸጥ ነው፤ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ቢሆንም በዚያ ትርፍ ምክንያት የጎረቤታችን ልጅ ላይ አደጋ ቢደርስ ሒሳቡን የሚያወራርድ ነጋዴ አይገኝም። ከፋብሪካ የምናዝዝም ሆንን ከመርካቶ የምንረከብ፥ ጥቁሩን መተው ያለብን ማንም ሳያስገድደን ነው።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፥ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማስገባትንና መሸጥን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። መሣሪያ ወደ አገር የሚገባበትን በር መጠበቅም አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢትዮጵያ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋራ በፓሪስ የተፈራረመችው ውል ስለዚሁ ጉዳይ ነበር። አዋጁን የምንቃወምበት ምክንያት የለንም። የምንጠይቀው፥ የዚህ ብርቱ ሕግ ክንድ እስከ ልጆች መጫወቻ ድረስ የሚዘረጋ ከሆነ፥ ወሰኑ በጽሑፍ ተለይቶ ለባለሱቁ እንዲነገረው ነው።

ነገሩም በልጆች መጫወቻ ብቻ አይቆምም። ወጣቶች በስልካቸው እያዩ የሚጠይቁን ፔይንትቦል የሚባል ጨዋታ አለ፤ መሣሪያው በታመቀ አየር ቀለም የሞላባትን ክብ ጥይት ይተኩሳል። ጨዋታው የተጀመረው በሰኔ 1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ጫካ ሲሆን፥ መሣሪያው አስቀድሞ ዛፍና ከብት ምልክት ለማድረግ የተሠራ ነበር። በዚያ ቀን ከተጫወቱት 12 ሰዎች ያሸነፈው አንድም ጥይት ሳይተኩስ ባንዲራዎቹን ሁሉ የሰበሰበው ነው (ለነጋዴ የሚስማማ ድል ይመስለናል)። ጀርመኖች የመሣሪያው ኃይል ከ7.5 ጁል እንዳይበልጥ፥ ባለቤቱም 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ወስነዋል። በ2001 ዓ.ም. በዚያው አገር በአንድ ትምህርት ቤት እልቂት ከደረሰ በኋላ መንግሥት ጨዋታውን ጨርሶ ሊከለክል አስቦ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በአደባባይ ተከራክረው ሐሳቡ ተተወ። የተከራከሩትም መሣሪያቸውን ሸሽገው አልነበረም።

ከመካከላችን ዕቃውን በጨርቅ ጥቅል ውስጥ ደብቆ ማሳለፍ ይቻላል የሚል ቢኖር፥ ለአንድ ካርቶን መጫወቻ ሲል መኪናውንና ፈቃዱን ያስይዛል። የሚሻለው መንገድ ሌላ ነው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን አሳውቆ የሕዝብን አስተያየት እንዲቀበል፥ ያልተመዘገበ መመሪያም እንዳይሠራበት ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የሚተዳደሩት የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችም የነጋዴውን ድምፅ ለማድረስ የቆሙ ናቸውና፥ ለፌዴራል ፖሊስና ለጉምሩክ ኮሚሽን አንድ ደብዳቤ ይጻፍልን። በደብዳቤውም የትኛው ቀለምና መጠን እንደሚፈቀድ፥ ለፔይንትቦል መሣሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፥ ይኸውም አስመጪው ገንዘቡን ለባንክ ከማስያዙ በፊት እንዲታወቅ፥ ዕቃ ሲያዝም ደረሰኝ እንዲሰጥ ይጠየቅ። የመካነ ሰላም ባለሱቆች ለጥምቀት የሚሆነውን ዕቃ የሚያዝዙት በኅዳር ስለሆነ፥ ደብዳቤው ከጥቅምት ማለቂያ በፊት ቢላክ መልሱ ለዘንድሮ ይደርሳል።