ስለ መንዝ ጓሳ ጥበቃና ስለ ድርሻ



በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር እንዴት እስከ ዛሬ ሊቆይ እንደ ቻለ በመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበርና፤ የዚያው አገር ተወላጅ እንደ መሆኔ መጠን የሚከተለው አስተያየቴ በጋዜጣዎ ዐምድ ላይ ይወጣልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛው ጓደኛዬ «የመንዝ ሰው ከራሱ ይልቅ ለጋራ የሚያስብ ስለ ሆነ ነው» አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። የመንዝ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ለቤቱ የሚያስብ ነው። ጓሳን ያቆየው መታገሥ ለየቤቱ እንዲጠቅም አድርጎ የተሠራ የአባቶች ደንብ ነው። በቀሮ ሥርዓት ጊዜ ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። አስቦና ጌራ የየራሳቸውን አለቃ መርጠው ያስጠብቃሉ፤ በበጋ የሚከፈትበት ቀን ሲነገር ባለድርሻው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣና ለጣራ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል። ከቀኑ በፊት የሰረቀ ሰው የጎረቤቱን ሁሉ ጣራ እንደ ሰረቀ ስለሚቆጠር የሚሰውርለት አያገኝም።

ነገር ግን ይህን ስናመሰግን ሌላውን መሸሸግ አይገባንም። ድርሻው የቀደምት አባቶችን ርስት ለሚቆጥሩ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰው ዳር ቆሞ ያይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ አሮጌው ሥርዓት ፈረሰ፤ ዳር የነበረውም ገባ፤ ሣሩም ያለ ልክ ታጨደ። አልፈርድበትም፤ የእርሱ ያልነበረውን የሚጠብቅበት ምን ምክንያት ነበረው? ኋላ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ኮሚቴ መርጠው፣ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መለሱት፤ የክልሉ መንግሥትም በሕግ አወቀላቸው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉበት።

አምና ለዕረፍት ወደ አገሬ ወጥቼ ሳለሁ አንድ ወጣት አገኘሁ። መሬት እንዳለው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ጓሳንስ እጠብቃለሁ፤ የምከድነው ቤት ግን የለኝም» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጣራው ሁሉ ወደ ቆርቆሮ እየተለወጠ፣ መሬት የሌለው ወጣት እየበዛ ሲሄድ ዳር የሚቆም ሰው እንደገና እየተፈጠረ ነው ማለት ነው። እኛ በቢሮ ተቀምጠን ደንብ የምናረቅቅ ሰዎች «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ» የሚለውን ቃል እንጽፍና እናልፋለን፤ ከኅብረተሰቡ ማን ምን እንደሚደርሰው ግን አንጠይቅም።

ስለዚህ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ሲከፈል፣ ሣሩም በሚከፈትበት በጋ፣ ጎጆ ያልወጡት ወጣቶች ስም በመዝገቡ ይግባ። የሚከድነው ቤት የሌለው የደረሰውን ሣር ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ያወርደዋል።

የመንዝ ተወላጅ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ