ለገበሬው የመጣው ብር ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ!

ወገኔ፣ ጥቅምት 2013ን መቼም አትረሳውም። ወሎና ራያ ላይ ሰብሉ ለአጨዳ ሲደርስ የበረሃ አንበጣ ወረደበት። ገበሬው በጅራፍና በጩኸት ሊያባርር ሞከረ። ከዚያ በፊት፣ በ2012 ፋኦ ከመንግሥት ጋር ባወጣው ጥናት፣ በአገሪቱ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ማሳ ተጎድቶ ከ3 ሚሊዮን 500 ሺህ ኩንታል በላይ እህል ጠፍቷል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የዓለም ባንክ አንበጣውን ለመከላከልና የተጎዱትን ለማቋቋም ለኢትዮጵያ 63 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ።

እስቲ ልጠይቅህ። አባትህ ባሉበት ቀበሌ፣ በአንበጣውም ሆነ ከዚያ ወዲህ በመጣው ድርቅ፣ ማን ስንት ኪሎ ዘር፣ ስንት ማዳበሪያ፣ ስንት ብር እንደወሰደ በስም የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፎ አይተሃል? "ይህን ያህል ሺህ አባወራ ተጠቃሚ ሆኗል" የሚለውን ዜናማ ሁላችንም ሰምተናል። አባወራው ማን ነው?

ሁሉም ሹም ሌባ ነው እያልኩህ አይደለም። ዝርዝሩ ካልወጣ ግን በሐቅ ያከፋፈለውም ሊቀመንበር ከሐሜት አይድንም፤ የበላውም አይያዝም።

ዋጋውን ደግሞ ከፍለነዋል። በሰኔ 2015 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም "እርዳታው በሰፊው እየተዘረፈ ነው" ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ለወራት! ስንዴውን የሸጠው ሰው ጾሙን አላደረም። የተራበው ያው ድሮም የተራበው ነው።

"ስም መለጠፍ ድሃን ማሸማቀቅ ነው፣ ጎረቤትን ያጣላል" የሚሉህ አሉ። የሚረባ ነጥብ አላቸው፤ ጥሬ ብር ገና ሳይከፈል የስም ዝርዝር ማውጣት ሌባ መጥራት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከክፍያው በኋላ ይውጣ። የቀረው ግን ሰበብ ነው። ገጠር ውስጥ የማን በሬ እንደሞተ፣ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ ማን የማያውቅ አለ? የማይታወቀው ወረዳው ምን እንደተቀበለና ምን እንዳወረደ ነው። ጎረቤትን የሚያጣላውም ይኸው ድብብቆሽ ነው እኮ።

አዲስ ነገርም አልጠየቅንም። ከ1997 ጀምሮ ያለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በመመሪያው የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በአደባባይ እንዲታይ፣ ቅር ያለውም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ያዛል። በየቦታው ይተገበራል ወይ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሕጉ ግን አለ። ለሴፍቲኔት የተቻለ ለአስቸኳይ ጊዜው ብር የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶሃል። ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት ስትገባ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ በል። "ለዚህ ቀበሌ ምን መጣ? ለማን ደረሰ?" ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ አንዱን ቅጂ ቀኑን አጽፈህ፣ ማኅተም አስመትተህ ያዝ። መልስ ለመስጠት ያላቸው ጊዜ 30 ቀን ነው። ዝም ካሉህ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በል፤ እሱም ዝም ካለ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ብቻህን ከምትሄድ ደግሞ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ከሽማግሌዎቹም አንድ ሁለቱን ይዛችሁ።