በእንሰቱ እንጀምር

ጣሊያን፣ ፓርማ አካባቢ የሚኖረው ወዳጄ ሰሞኑን ማታ ደወለልኝ።

«ነሐሴ ላይ እረፍት አለኝ፤ አንተ ዘንድ ፍስሐ ገነት እመጣለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቤት ታዞረኛለህ።»

«ከየት መጣብህ ይሄ?»

«ባለፈው ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሥተን አይብ የሚሠራበት ቤት ሄድን። የማታውንና የጠዋቱን ወተት ቀላቅለው በትልቅ የመዳብ ጋን ያሞቁታል። 40 ኪሎ ለሚመዝን አንድ ክብ አይብ 550 ሊትር ያህል ወተት ይገባል። ከ12 ወር በፊት ደግሞ ፓርሚጃኖ ተብሎ አይሸጥም። ከዚያ ሞዴና ሄደን ከ12 ዓመት በላይ በእንጨት በርሜል የኖረ ኮምጣጤ አቀመሱን። ያን ጊዜ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። እናንተ አገር ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጠውን ቆጮ እኮ እኔ አዲስ አበባ ክትፎ ቤት እንጂ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም!»

ይህን ሲል ደስ አለኝ። ወደ ጌዴኦ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቡና ቡና ሲል ነው የምሰማው፤ ቆጮ ብሎ የደወለልኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

«ነሐሴ ግን አይሆንም» አልኩት። «ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ ማድረቂያ አልጋዎቹም ባዷቸውን ናቸው። ቀይ እሸት መለቀም የሚጀምረው በጥቅምት ነው። ኅዳር ላይ ና።»

«እሺ፣ ኅዳር ይሁን። ጠዋት ቡናውን እናያለን፣ ከሰዓት ደግሞ ቆጮውን…»

«የለም፤ በእንሰቱ ነው የምንጀምረው።»

«ለምን? ዓለም ይርጋጨፌን የሚያውቃት በቡናዋ አይደል?»

«ነው። ግን የቡና ገንዘብ የሚገባው በለቀማው ሰሞን ነው፤ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እንሰቱን ነው። ማሳው ውስጥ ገብተህ ቀና ብትል ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከቆጠራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው አተካከል ነው። እንሰቱን ሳታይ ቡናውን ብቻ አይተህ ብትሄድ ከቤቱ ጣሪያውን ብቻ አየህ ማለት ነው።»

ዝም ብሎ ሰማኝና «እንዴት ነው የሚሠሩት?» አለኝ።

ነገርኩት። እንሰቱ ለመቆረጥ ዓመታት ይፈጅበታል። ከተቆረጠ በኋላ ሥራው የሴቶች ነው። ሳንቃ ያዘነብላሉ፣ የግንዱን ልጥ እየነጠሉ ሳንቃው ላይ ይዘረጉታል፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ነጩ ልስልስ ኮባ ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ላይ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው። ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ነው። ሥሩን ይከሰክሱትና ከተፋቀው ጋር አዋሕደው፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ከትተው፣ ከላይ ሸፍነው ድንጋይ ይጭኑበታል። ተብላልቶ ቆጮ እስኪሆን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ያንተ አይብ ሠሪዎች በጓዳ የሚያደርጉትን እናቶቻችን በመሬት ውስጥ ያደርጉታል።

«ታዲያ ዝም ብለን ሄደን እናያለን!»

«ዝም ብሎማ አይኬድም።» አንዴ ሳልናገር እንግዶች ይዤ አንዲት እናት ደጅ ደረስኩ። ፍቂያ ላይ ነበሩ። እኛን ሲያዩ ቀርከሃውን ጥለው፣ እጃቸውን ተለቃልቀው እሳት ማንደድ ጀመሩ፤ እንግዳ መጥቶባቸው ሥራ ሊቀጥሉ አይችሉማ። ቡና አፈሉ፣ ቆጮ ጋገሩ፣ ጎመን አቀረቡ። እኛ በልተን ጠጥተን ስንወጣ ግማሹ የተፋቀ እንሰት ሳንቃው ላይ እንደተዘረጋ ነበር። የእሳቸው ቀን በእኔ ምክንያት ባከነ። ለድካማቸው የሚሆን ገንዘብ እንኳ መያዜን ያሰብኩት መንገድ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

«እዚህ እኮ አስቀድመህ ትመዘገባለህ፣ ትከፍላለህ» አለ ወዳጄ።

«ጣሊያን ገበሬው ቤቱ እንግዳ ተቀብሎ ገቢ እንዲያገኝ የሚያስችል ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እዚህ አንተና እኔ ከቤቱ እመቤት ጋር አስቀድመን እንነጋገራለን፤ የሥራ ቀናቸውን የሚክስ ገንዘብ እንከፍላለን። ምሳውንም እሳቸው ዘንድ እንበላለን፤ እሱም ይከፈላል።»

ከሰዓት ወደ ቡና ማጠቢያው እንሄዳለን። ከሰዓት ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ገበሬው ቀን ሲለቅም ውሎ እሸቱን የሚያመጣው አመሻሹ ላይ ነው፤ የተለቀመው ደግሞ በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት። ጆንያው ሲራገፍ፣ ሚዛኑ ሲነበብ፣ ማሽኑ ሲነሣ ያያል። የተፈለፈለው ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል፣ በቦይ ይታጠባል፣ ከዚያ አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋው ዳር የቆሙት ሴቶች ቅሽሩን በእጃቸው እያገላበጡ የተሰበረውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። ወዳጄ እዚያ ቆም ብሎ እጃቸውን ቢያይ ደስ ይለኛል። ፓርማ ላይ በውድ የሚገዛት ስኒ ያለፈችው በእነዚያ ጣቶች ነው።

«ቱቱ ፈላስ? ትክል ድንጋዮቹን ሳላይ ልመለስ ነው?»

«ለእሱ ሌላ ቀን ያዝ። አንድ ቀን ሁለት ቤት ይበቃዋል።»

መንገዱ አይከብድም። እስከ ሐዋሳ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ከዚያ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዲላ አድሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሞያሌው አስፋልት ወናጎን፣ ይርጋጨፌን አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል። የጌዴኦን ቋንቋ፣ ጌዴኡፋን፣ የሚያስተረጉምለት ሰው ከእኔ ጋር አለ።

«በቃ፣ ኅዳር» አለኝ።

«ኅዳር። ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት ግን ደውልልኝ፤ መጀመሪያ እናትየዋን መቼ እንደሚፍቁ ልጠይቃቸው።»